አራት ሺህ አሥራ ሁለት አባላት

«ይህ ስም ከዚህ በፊት ተመዝግቧል» ይላል ስክሪኑ።

ሁሪያ እንደገና ሞከረች። «ሁሪያ ኢስሀቅ» ብላ ጻፈች፣ የትምህርት ቤቷን ስም መረጠች፣ «ተመዝገብ» የሚለውን ተጫነች። ያው መልስ መጣ። መርካቶ ሰፊ ነው፤ ሌላ ሁሪያ ኢስሀቅ አትጠፋም። ግን በአንድ ትምህርት ቤት፣ ያውም ዘጠነኛ ክፍል? የዘጠነኛ ክፍልን ሴቶች በሙሉ በስም ታውቃቸዋለች። ከእሷ ሌላ ሁሪያ የለችም።

በስሟ የተከፈተውን ገጽ ፈልጋ አገኘችው። ፎቶው ላይ ያለችው ራሷ ነበረች። የወላጆች ቀን ዕለት ነው፤ ነጭ ሂጃብ አድርጋ፣ ማይክ ይዛ እየሳቀች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «15 ዓመት። መርካቶ፣ ጫማ ተራ። አዳዲስ ጓደኞች እፈልጋለሁ።»

«እኔ ነኝ የምፈልገው?» አለች ጮክ ብላ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አጠገቧ ጌም የሚጫወተው ልጅ ዞር ብሎ አያትና ወደ ጌሙ ተመለሰ።

ከፎቶው ሥር ዘጠኝ አስተያየት ተጽፏል። ሁለቱ ጨዋ ናቸው። የቀሩትን ማንበብ ጀምራ ተወችው። የመጨረሻው ግን ዓይኗ ላይ ተሰካ፦ «ቆንጆ፣ ሱቃችሁ የትኛው መስመር ላይ ነው?»

ጊዜው 2003 ዓ.ም. ነው፤ ኢንተርኔት መክፈት ትዕግሥት የሚፈትንበት ዘመን። «አብሮአደግ» የሚባለው አዲስ የማኅበራዊ ድረ ገጽ ከተከፈተ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። የሠራው ሙሉብርሃን ይባላል፤ አምና በኮምፒውተር የተመረቀ፣ የልብ ጓደኛዋ የሐመልማል ታላቅ ወንድም። ሙሉብርሃን ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ አዲስ ማይክ ሰጥቷል። በምትኩ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ አርብ በእረፍት ሰዓት «አብሮአደግ ከፌስቡክና ከሃይ ፋይቭ ጋር ሲነጻጸር» የሚል ፕሮግራም እንዲተላለፍለት። ጽሑፉን ራሱ ታይፕ አድርጎ ልኳል። አንባቢዋ ደግሞ ሁሪያ ናት፤ የክበቡ ጥሩ ድምፅ የእሷ ነውና።

እሷ ግን የጫማ ነጋዴ ልጅ ናት። ያልለካችውን ጫማ ይመቻል ብላ ለማንም አትምልም። ስለዚህ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተክለ ሃይማኖት ወዳለው ኢንተርኔት ቤት መጣች፣ ደብተሯ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረች፣ ሦስቱንም እየከፈተች መጻፍ ጀመረች።

ሃይ ፋይቭን የከፈተችው ሰባተኛ ክፍል እያለች ነበር። አሁን ሲገቡበት እሑድ ቀን መርካቶ መግባት ነው፤ መደርደሪያው አለ፣ ሰው የለም። ፌስቡክ ላይ ጂዳ ያለችው የአክስቷ ልጅ ሳትቀር ሁሉም ሰው አለ። ግን አንድ ገጽ ለመክፈት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል፤ በእናቷ ስልክ ላይ ደግሞ የአማርኛው ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው። አብሮአደግ ወዲያው ይከፈታል፣ በአማርኛ ነው፣ ለየትምህርት ቤቱ የራሱ ክፍል አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ሁሪያ እንዲያሸንፍ ፈልጋ ነበር የመጣችው።

አሁን ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የጓደኞቿን ስም መፈለግ ያዘች። ኢክራ አለች። ሀፍሷ አለች። ከሚኒ ሚዲያው አሥራ ሁለት ሴቶች አሥራ አንዱ እዚያ ተደርድረዋል፤ ሁሉም በወላጆች ቀን ፎቶ፣ ሁሉም «አዳዲስ ጓደኞች» እየፈለጉ። የዚያን ቀን የክበቡን ካሜራ ይዛ የዋለችው ሐመልማል ነበረች። አሥራ ሁለተኛዋ፣ ሐመልማል፣ የለችም።

ፌስቡክ ላይ ሁሪያ ስሟ «ሁሪ» ብቻ ነው፣ ፎቶዋም ቢጫ ጽጌረዳ። እንዲያ እንዲሆን የወሰነችው ራሷ ናት፤ ፊቷን ለማን እንደምታሳይ ታውቃለች። እዚህ ማን ወሰነላት? «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈልጋ አጣች። ከላይ፣ በትልቅ ቀይ ቁጥር፣ «4,012 አባላት» የሚል ጽሑፍ ያበራል።

ሱቃቸው ስትደርስ እናቷ ሐጀራ በራፉ ላይ ቆማ ለብቻዋ ትስቃለች። ከፊት ለፊታቸው አሸብር የሚባል ሰው በዚያው ሳምንት አዲስ የጫማ ሱቅ ከፍቷል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው በካርቶን ተሞልቷል።

«ባዶ ነው» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «ደንበኛ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሲለው 'ከመጋዘን ላምጣ' ይልና በጓሮ ዞሮ ከኛ ይወስዳል። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ ለምን ይደረድረዋል?»

«ባዶ ሱቅ ማን ይገባል? እኛስ ስንጀምር! አባትሽ አንድ ሙሉ ግድግዳ ደርድሮ፣ አንዷ ሴትዮ ያንን አውርዱልኝ ብትል ሁሉም ራሷ ላይ ተናደባት። ካርቶን ስለሆነ አልጎዳትም እንጂ!» እናቷ ያን ጊዜ አሁን የሆነ ይመስል ሳቀች። ሁሪያ ግን መሳቅ አቃታት።

አንድ ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጫማዎቹን አላየም፤ ሁሪያን ነው ያየው። «አንቺ አይደለሽም እንዴ ማይክ የያዝሽው? አብሮአደግ ላይ? ጓደኛ እፈልጋለሁ ብለሽ የለ? ስንት ሱቅ ጠየቅኩ መሰለሽ።»

ሁሪያ ፊቷ ሲግል ተሰማት። እናቷ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከመሃላቸው ቆመች።

«ወንድም፣ ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?»

«እ… አርባ ሁለት።»

«እንግዲያው በአርባ ሁለት ቁጥርህ ከዚህ ውልቅ በል!»

ልጁ ሄደ። ከዚያ በኋላ መደበቅ አይቻልም፤ ሁሪያ ሁሉንም ተናገረች። ስትናገር የፈራችው እናቷን አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ ረዲ ሲሰማ መጀመሪያ የሚለውን ታውቃለች፦ ድሮም ሚኒ ሚዲያ ምን ይሠራልሻል፣ ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት። ሌላ ሰው ባጠፋው የምትቀጣው እሷ ትሆናለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

እናቷ ፊት ለፊት ያለውን የአሸብርን መደርደሪያ ተመለከተች። «እኔ ባዶ ካርቶን ደርድሬያለሁ» አለች። «ዋላሂ አልክድም። የሰው ልጅ ግን መደርደሪያ ላይ አልሰቀልኩም! ነገ ትምህርት ቤት እመጣለሁ።»

«ተይ እማ። የተጻፈው በእኔ ስም ነው። እኔው እናገራለሁ።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። «እሺ። ረዲን ለኔ ተይልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ሐመልማል ሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥ አዲሱን ማይክ እየሞከረች ነበር። ክፍሉ ድሮ የጠመኔ ማስቀመጫ ስለነበር ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል።

«ሁሪ! ድምፁን ስሚው፣ ጉድ እኮ ነው!»

«ፎቶዎቹን አንቺ ነሽ የሰጠሽው?»

«የምን ፎቶ?»

«አትፎግሪኝ፣ ሐሚ።»

ሐመልማል ማይኩን አጠፋችው። «ለጊዜው ብቻ ነው። ወንድሜ አርብ በገንዘብ ሊረዱት የሚችሉ ሰዎች ይዞ ይመጣል። አባል ካላዩ ማን ያምነዋል? ፌስቡክን የሚያህል ነገር እየተፎካከረ እኮ ነው፣ ብቻውን! ሌሊት አይተኛም። የአገር ልጅ አይደገፍም እንዴ?»

«የሚፎካከረው በእኔ ፊት ነው?»

«ሰኞ ያጠፋዋል፣ ምሎልኛል።»

«ዛሬ ያጥፋዋ።»

«ዛሬ ካጠፋው ነገ ምን ያሳያል?»

«ትናንት አንድ ጎረምሳ ሱቃችን ድረስ መጣ። እናቴ ፊት።» ሁሪያ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ መሆኑ አናደዳት። ማልቀስ አልፈለገችም፤ ይህችን ልጅ ትወዳታለች፣ ንዴቷን ያባሰውም እሱ ነው። «አሥራ አንዳችንንም አገኘሁ። ያንቺ የታለ?»

ሐመልማል የማይኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለች። «አባቴ ይገድለኛላ» አለች።

«የኛስ?»

ደወሉ ተደወለ።

መምህር ኃይለመለኮት፣ የክበቡ ኃላፊ፣ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ይኼ ትልቅ ጥፋት ነው፤ አነጋግረዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ አዲሱ ማይክ አዩ። «ግን ፕሮግራሙ ከቀረ ማይኩን ይወስደዋል። አራት ዓመት ሙሉ ለምኜ ያጣሁት ማይክ ነው፣ ልጄ። ደግሞ ጽሑፉ ውሸት የለበትም፤ ፈጣን ነው ይላል፣ ፈጣን ነው። በአማርኛ ነው ይላል፣ በአማርኛ ነው።»

«አራት ሺህ አሥራ ሁለት አባላት አሉት ይላል፣ መምህር።»

«እሷን መስመር ዝለያት።»

«እኔን ነው የምዘለው?»

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና መስኮቱን ተመለከቱ። ሁሪያ ክፍሏ ገብታ ደብተሯን ከፈተች። ሦስቱ ዓምዶች እንዳሉ ናቸው። ስለ አብሮአደግ ከጻፈችው መልካም ነገር አንዲት ቃል አልሰረዘችም፤ ተናድዳለች ተብሎ እውነት አይሰረዝም። ከሥር ግን አንድ መስመር ጨመረች፦ መግቢያና መውጫ። ሃይ ፋይቭ፦ ራሴ ገባሁ፣ ራሴ ወጣሁ። ፌስቡክ፦ ራሴ ገባሁ፣ ስፈልግ እወጣለሁ። አብሮአደግ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ደረሰ፦ ሌላ ሰው አስገባኝ፣ መውጫ የለውም።

አርብ በእረፍት ሰዓት ሙሉብርሃን ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ይዞ ባንዲራው ሥር ቆመ። ከስቷል፣ እንቅልፍ በማጣት ዓይኑ ቀልቷል፤ ሁሪያን በሚኒ ሚዲያው መስኮት ሲያያት ፈገግ ብሎ እጁን አነሳላት። ሁሪያ አዘነችለት። ማዘኗን ለራሷም አልደበቀችም፤ ግን ማዘን አንድ ነገር ነው፣ መደርደሪያ ላይ መሰቀል ሌላ።

ክፍሉ ውስጥ፣ በመስኮቱ ወደ ሜዳው የዞረው ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦው፣ በርቷል። አዲሱ ማይክ ማቆሚያው ላይ ቀጥ ብሏል፣ የታይፑ ጽሑፍ ከጎኑ ተቀምጧል። መምህር ኃይለመለኮት በር ላይ ናቸው። ሐመልማል ከሞንታርቦው አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች።

ሁሪያ የአዲሱን ማይክ ገመድ ከሞንታርቦው ነቀለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሐመልማል።

«የሰውየውን ንብረት እየመለስኩ።» ማይኩን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አሮጌውን አወጣች። የአሮጌው ማይክ ሽቦ አንገቱ ላይ ተልጧል። አንድ እጅ ካልያዘው፣ የሌላው እጅ አውራ ጣት ደግሞ ሽቦውን ወደ ላይ ካልገፋው ድምፅ አያወጣም። ሁሪያ በእሱ ስታነብ ሁለቱም እጆቿ ስለሚያዙ ወረቀቱን ፊቷ ላይ የምትይዝላት ሁልጊዜ ሐመልማል ነበረች።

ሐመልማል አዲሱን ማይክ እንደታቀፈች ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየች። «ወረቀቱን ማን ይይዝልሻል?» አለች፤ ድምፅዋ የተቆጣም የለመነም ይመስላል።

«ወረቀት አያስፈልገኝም።»

ሁሪያ ወደ በሩ አየች። መምህር ኃይለመለኮት ከበሩ ፈቀቅ አሉ። እሷ አሮጌውን ሰካች። ሞንታርቦው አንዴ ጮኸ፣ አንዴ ተንኳኳ፣ ዝም አለ። ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ቀና ብለው ወደ ሞንታርቦው አዩ።

«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ዛሬ ሦስት የማኅበራዊ ድረ ገጾችን እናነጻጽራለን፤ ጥሩ ጥሩውንም እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን፣ ስሜ ሁሪያ ኢስሀቅ ነው። አብሮአደግ አራት ሺህ አሥራ ሁለት አባላት አሉኝ ይላል። ከነሱ አንዷ እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።»

ድምፁ ሊቆራረጥ ሲል አውራ ጣቷን ሽቦው ላይ አጠበቀችና ቀጠለች።