የፈሪዳ ላጲስ

በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በሚጠፋበት ቀን የጊፍቲ አባት፣ የአቶ ፉፋ ብየዳ ቤት አይከፈትም። ብየዳ ቤቱ ካልተከፈተ እራት ቆሎ ነው። ሻማም ተወደደ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን መብራት ጠፋ ብሎ ከሚኒስትሪ ፈተና አይቀርም። ጊፍቲ ጌጃ ሰፈር ባለው በጓደኛዋ በፈሪዳ አባት ሱቅ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጣ አጠናች። ፋኖሱ አንድ ነው። ፈሪዳ ሁልጊዜ ወደ ጊፍቲ ደብተር ታስጠጋው ነበር።

ሰኔ ገባና ፈተናው መጣ።

ሒሳብ ተፈትነው ሲወጡ የትምህርት ቤቱ ግቢ በጩኸት ተናወጠ። ጊፍቲ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ በኋላ ለማመሳከር የጻፈችው አርባ መልስ በእስክሪብቶ ተደርድሯል። ልጆቹ ከበቧት። ሰቃይ ናት፤ ሁሌም አንደኛ ነው የምትወጣው። እሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው ተብሎ ይታመናል።

«አንድ?» አለ አብዱልሃኪም። በክፍሉ የሱ ቀልድ ያልደረሰበት ሰው የለም።

«ቢ።»

«ቢ ነኝ! ሁለት?»

«ዲ።»

«ጀለሴ፣ አለፍኩ በለኝ!» ብሎ ሳኒ ጀርባ ላይ ወጣ።

«ገና ሁለት ጥያቄ ነው፤ ውረድ!» አለ ሳኒ እየተንገዳገደ።

ፈሪዳ ከወዲያኛው ሕንፃ እየሮጠች መጣች። ከጓደኞቿ ተለይታ እዚያ እንድትፈተን የተመደበችው እሷ ብቻ ነበረች። መልሷን የጻፈችው ላጲሷ ላይ ነው፤ አራቱም ጎን በጥቃቅን ፊደል ተሞልቷል።

«አንድ ምን አላችሁ?»

«ቢ!» አሏት ባንድ ድምፅ።

ላጲሷን አየች። «እኔ ሲ ነው ያልኩት። ሁለትስ?»

«ዲ።»

«ኤ ነበር ያልኩት…»

ሦስትም አልገጠመ፣ አራትም አልገጠመ። አሥር ሲደርሱ የገጠመላት ሁለት ብቻ ነው። ፈሪዳ ላጲሱን ጨበጠች።

«አይዞሽ ፎቶኮፒ» አለ አብዱልሃኪም። «ብቻሽን እዚያ ወስደው ሲያስቀምጡሽ ከማን ትኮርጂ?»

ልጆቹ ሳቁ። ጊፍቲ አልሳቀችም።

ፎቶኮፒ የሚለው ስም ለፈሪዳ የወጣላት አራተኛ ክፍል ነው። በሒሳብ ፈተና የሁለቱ ወረቀት ስህተቱ ሳይቀር አንድ ሆኖ ተገኘ። መምህሩ «የኮረጀችው ማን ናት?» ሲሉ ፈሪዳ ጊፍቲን አየች፤ ጊፍቲ ጫማዋን አየች። የኮረጀችው ጊፍቲ ነበረች። ባንዲራው ሥር፣ ጠጠር ላይ፣ ደወል እስኪደወል የተንበረከከችው ግን ፈሪዳ ናት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ። ፈሪዳ አንድም ቀን አላነሳችውም። ጊፍቲም አላነሳችውም።

«ነገ አልመጣም» አለች ፈሪዳ ቀስ ብላ። «በሒሳብ ከወደቅሁ ሌላው ምን ያደርግልኛል?»

ጊፍቲ ላጲሱን ከእጇ ወሰደች። ፈሪዳ ሒሳቡን በፋኖስ ስታስረዳት ከርማለች። ከአሥር ስምንቱን ልትስት አትችልም።

«አንደኛው ጥያቄ ምን ነበር የሚለው?»

«የትሪያንግሉ ነዋ። ስፋቱን ፈልጉ የሚለው።»

«የኔ አንደኛ ጥያቄ ክፍልፋይ ነው። ትሪያንግሉ ሃያ አንደኛ ላይ ነው ያለው።» ጊፍቲ ዓይኗ ፈጠጠ። «ኮድሽ ስንት ነው?»

«የምን ኮድ?»

«መልስ መስጫው ላይ ጻፉ ያሉን!»

«ሁለት።»

የእነ ጊፍቲ አንድ ነበር። ጻፉ ስለተባሉ ጻፉ እንጂ ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

«ጥያቄው ያው ነው፤ ተራው ነው የተለወጠው!» ጊፍቲ ክንዷን አዙራ አነበበች። «ሃያ አንድ፣ ሲ!»

«ሲ ነኝ!»

«ሃያ ሁለት፣ ኤ!»

«ኤ!»

በገጠመ ቁጥር ልጆቹ ይጮኻሉ። ሳኒ ማፏጨት ጀመረ። ሠላሳ ስድስት ላይ ሲደርሱ ግን አልገጠመም። መቶ ብር የነበረ ሸሚዝ በአሥር ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዚያ በአሥር ፐርሰንት ቀነሰ፤ አሁን ስንት ነው?

«ያው መቶ ነዋ» አለች ጊፍቲ።

«የቀነሰው እኮ ከመቶ አሥር ብሩ ላይ ነው» አለች ፈሪዳ። «አሥራ አንድ ብር ይወርዳል። ዘጠና ዘጠኝ። የሱቅ ልጅ ነኝ እኔ!»

«ሰቃይዋ ተሸወደች!» አብዱልሃኪም እየዘለለ ጮኸ። «ፎቶኮፒው ኦሪጅናሉን በለጠው!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፈሪዳም ሳቀች። ጊፍቲ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ቀኑም በደስታ ያልቃል።

«አራተኛ ክፍል የኮረጅኩት እኔ ነኝ» አለች። «ከእሷ። ሁለተኛ ፎቶኮፒ እንዳትሏት።»

አብዱልሃኪም እንኳ ቀልድ አልመጣለትም። ጊፍቲ ወደ ባንዲራው ሄዳ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች።

ጥበቃው አባባ ዱሬሳ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?»

«የቆየ ነው አባባ። እስኪደወል ነው።»

«ለዛሬ እኮ አበቃ። ከእንግዲህ የምደውለው ነገ ጠዋት ነው።»

«እጠብቃለኋ።»

ፈሪዳ መጥታ አጠገቧ ቆመች። «ይቆረቁራል?»

«በጣም።»

«እኔ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነው የቆየሁት።»

«አውቃለሁ። በመስኮት አይሽ ነበር።»

ፈሪዳ ከአባባ ዱሬሳ እጅ የደወሉን መምቻ ብረት ተቀብላ፣ ዛፉ ላይ ወደተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሄደች፤ ደወሉ እሱ ነው። ሦስት ጊዜ መታችው። ድምፁ ከአጥሩ አልፎ መንገድ ድረስ ተሰማ።

«ተነሺ፣ ተደውሏል» አለች እጇን እየዘረጋችላት። «ነገ እንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ደግሞ የመብራቱ ተራ የኛ ነው።»