ሰኞ ጠዋት በሉቤክ

ሴፕቴምበር 10 ቀን 2019፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሰዓቱን የማልረሳው ስልኩ ሲጮህ የሻይ ውሃ ጥጄ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ስለነበር ነው። የደወለው አይናር ነው፤ ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የወንድሜ የአስገር ጎረቤት።

«ቦዲል፣ ተቀመጪ» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ባንዲራው አልወረደም። ተሰቅሎ አድሯል። ዝናብ አርሶት ምሰሶው ላይ ተጣብቋል። አስገር ደህና ቢሆን ይህን አያደርግም ብዬ ገባሁ…» አለቀሰ።

ባንዲራው የተሰቀለው በዋዜማው፣ ሰኞ፣ አስገር ሰባ ዓመት ስለሞላው ነው። በእኛ የዴንማርክ ደሴት ልደት ያለበት ቤት ባንዲራ ይሰቅላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያወርዳል። አርባ ዓመት በመርከብ መኮንንነት የኖረው ወንድሜ ይህን እንደ ጸሎት ሰዓት ነበር የሚጠብቀው።

ያገኙት በምድር ቤቱ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ ነው። ወድቆ ነው ብለን አልቅሰን በቀበርነው ነበር። ነገር ግን የምድር ቤቱ በር በወጥ ቤቱ በኩል ተቀርቅሮ ነበር። ደረጃ ሥር የወደቀ ሰው በሩን ከላይ አይቀረቅርም።

በረፋዱ ጀልባ መርማሪ መጣች። ሪግሞር ቶፍት ትባላለች፤ አጭር፣ ሽበታም፣ ጨዋማውን ጥቁር ከረሜላ ሳታቋርጥ የምታኝክ ሴት። ከሌሎቹ ጋር የተነጋገረችውን ኋላ ራሷም እነሱም ነግረውኛል፤ እዚህ የምጽፈው ሁሉን አንድ ላይ አድርጌ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው።

«የቤቱ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ። አይናርም አለው።»

«ትናንት ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

ተጣልተናል። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ በልደቱ ቡና ላይ ሦስቱም ጓደኞቻችን ሰምተዋል። እኛ አምስት ነን፦ አስገር፣ እኔ፣ አይናር፣ የመዘምራኑ መሪ ሊስቤት፣ አናጺው ቬርነር። በየዓመቱ በመኸር አንድ ጥንታዊ ከተማ መርጠን ሦስት ቀን እንሄዳለን። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አስገር ነው፤ የትኛው ግንብ ስንት ደረጃ እንዳለው፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ቀደም ብሎ እየደወለ ያጣራል። ዘንድሮ የጀርመኗን ሉቤክ መረጥን፤ ከኦክቶበር 5 ቅዳሜ እስከ 7 ሰኞ። እኔ ደግሞ ሰኞን ለራሴ ፈለግኩ።

«ማርዚፓን፣ ያንን የሉቤክ የለውዝ ጣፋጭ፣ ልገዛ» አልኳት መርማሪዋን። ስናገረው አፈርኩ። «እሱ ግን ‹ሰኞ ማንም አይቀርም፣ ሁላችሁም አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ› አለ። ‹እንግዲያው ያለ እኔ ሂድ!› ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው።»

ሪግሞር አላጽናናችኝም። አንድ ወረቀት ዘረጋች። ማታ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ከአስገር ኮምፒውተር ለአራታችን የመጣ ኢሜይል ነበር፦

«ወዳጆቼ፣ ስለ ልደቱ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ እነሆ። ቅዳሜ፦ ጀልባና ባቡር፣ የከተማው በር፣ የጴጥሮስ ግንብ። እሑድ፦ አብያተ ክርስቲያናቱና የጨው መጋዘኖቹ። ሰኞ ጠዋት፦ የከተማው ሥዕል ሙዚየም፤ ከሰዓት ባቡር። አስገር።»

«ሐኪሙ የሞተው ከቀኑ አሥራ አንድ እስከ ምሽቱ አራት ባለው ጊዜ ነው ይላል» አለች። «ይህን ከጻፈ በሁለት ሰዓት ከአርባ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። ሦስቱ ጓደኞችዎ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት በመዘምራን ልምምድ ላይ፣ በሃያ ሰው ፊት ነበሩ። እርስዎስ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ቤቴ ተኝቼ።»

«ማን አየዎት?»

«ማንም።»

«ከደሴቱ እንዳይወጡ» አለችኝና ከረሜላዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዞረች።

በስልሳ ስድስት ዓመቴ ወንድሜን ሳልቀብር በገዳይነት ልታሰር መሆኔ ያን ጊዜ ገባኝ። በማግስቱ ዳቦ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ።

ሪግሞር አይናርን ያገኘችው አጥሩ አጠገብ ፖም ሲለቅም ነው።

«ማታ ከልምምድ ሲመለሱ ባንዲራውን አላዩም?»

«ድቅድቅ ጨለማ ነበር። የእኔ ዓይን ደግሞ አርባ ዓመት ለሊጥ ሲነሳ ኖሮ ጠዋት እንጂ ማታ አያይም።»

«ኢሜይሉስ ደረስዎት?»

«በማግስቱ ነው ያየሁት። እኔና ኮምፒውተር አንዋደድም። ከመካከላችን የሚችለው ቬርነር ነው፤ የመዘምራኑን ማስታወቂያ የሚልከው እሱ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሲል ዱብ! ባሕር ላይ ዓሣ እያጠመደ እንኳ መልእክቱ አይቀርም። ‹ዓሣዎቹ ናቸው ወይ የሚልኩልህ?› እለዋለሁ።»

ሪግሞር ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ።

ሊስቤትን ደግሞ ጉልበቷን በፎጣ ጠቅልላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አገኘቻት።

«ምን ነካዎት?»

«ጓደኛዬ ቬርነር ነዋ የነካኝ! ማታ ከልምምድ ስንወጣ በአስገር ቤት በኩል አሥር ደቂቃ ነው ቤቴ። ‹በወደቡ እንሂድ፣ አየሩ ጥሩ ነው› ብሎ ሙጭጭ አለ። ምን አየር ነው? ዝናብ! ‹አንተ ሰውዬ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመትህ ነው ወይስ አሥራ ዘጠኝ?› አልኩት።»

«ሁልጊዜ በወደቡ ነው የምትሄዱት?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ቡናው ላይስ? ቦዲልና አስገር ሲጣሉ?»

ሊስቤት አሰበች። «የሁለቱን ጠብ ለምደነዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። አንድ ነገር ግን… አስገር ‹ሰኞ ማንም አይቀርም› ሲል የሚያየው ቦዲልን አልነበረም። ቬርነርን ነበር። ቬርነርም ኬኩን ሳይጨርስ ሹካውን አስቀመጠ። የእኔን ኬክ!»

ቬርነር መርማሪዋን በመሥሪያ ክፍሉ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ መካከል ተቀበላት። በከተማችን የሚከበር ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከጣሪያው በታች፣ እንደ ባሕረኞች አገር ልማድ፣ በባሕር የቀሩትን የሚያስታውስ ትንሽ የእንጨት መርከብ ተሰቅሏል። ሦስት ሸራ አለው፤ ገመዱ ከፀጉር የቀጠነ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት «በእጄ ሠርቼዋለሁ» ብሎ ያበረከተው ቬርነር ነው። በኖቬምበር ጳጳሱ ራሳቸው መጥተው ሊያመሰግኑት ቀን ተቆርጦ ነበር።

«እኔ ሰው ማማት አልወድም» አላት። «ግን ቦዲል ስትቆጣ አታድርስ ነው። ቁልፉም አላት።»

«ሌላ የሠሩት መርከብ አለ?» አለች ሪግሞር መደርደሪያዎቹን እያየች። ወንበር ነበር፣ የመስኮት ክፈፍ ነበር፣ የወፍ ቤት ነበር።

«አንዱ ይበቃል። ዓይኔን ፈጀው።»

ሐሙስ ከሰዓት ሪግሞር እኔ ቤት ተመልሳ መጣች። ልትይዘኝ መሰለኝና ካፖርቴን አነሳሁ።

«ይቀመጡ» አለች። «ሰኞ ዕለት ወንድምዎ የተናገሩትን ሁሉ ይንገሩኝ። ጠቡን አይደለም፤ ከዚያ በፊት ያለውን።»

«ጠዋት ደውዬ እንኳን ተወለድክ አልኩት። ስለ ጉዞው አወራን። ‹ሰኞ በሉቤክ ሙዚየም የሚባል ሁሉ ዝግ ነው፤ እኔ ግን አንድ በር አስከፍቻለሁ› አለኝ። ‹የምን በር?› ስለው ‹መጀመሪያ አንድ ሰው ማነጋገር አለብኝ› አለ።»

ሪግሞር ማኘኳን አቆመች።

«ይህን ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?»

«ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ከማርዚፓኑ በቀር ምንም አላስታወስኩም» ብዬ አለቀስኩ። እሷ ግን ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ወጥታ ነበር።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አራታችንንም ቤተ ክርስቲያን ጠራችን። መርከቡ ከራሳችን በላይ ቀስ እያለ ይዞራል። በሩ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። እኔ እጄን ለካቴና አዘጋጅቼ ነበር።

«ከባንዲራው ልጀምር» አለች ሪግሞር። «ሰኞ ፀሐይ የጠለቀችው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ሦስት ላይ ነው። ኢሜይሉ የመጣው ሁለት ሰዓት ከአርባ። አስገር በሕይወት ከነበሩ፣ ባንዲራቸው ጨለማ ውስጥ ተሰቅሎ እሳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። አይናር፣ ይህን ያምናሉ?»

«አስገር? ትኩሳት ይዞት እንኳ በፒጃማ ወጥቶ ያወርዳል!»

«እኔም አላመንኩም። ፀሐይ ስትጠልቅ አስገር ሞተዋል፤ ወይም ሊነሱ አይችሉም። ኮምፒውተሩን አስመረመርኩ። ኢሜይሉ የተጻፈው አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው፤ በሁለት ሰዓት ከአርባ እንዲሄድ ቀጠሮ ተይዞለት። ልክ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እንደሚመጣው የመዘምራን ማስታወቂያ።»

አይናር ዞሮ ቬርነርን አየው።

«ስለዚህ የልምምዱ ሃያ ምስክር ዋጋ የለውም። በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት የት ነበራችሁ? አይናር ተኝቻለሁ ብለውኛል። ሊስቤት ዶሮዎቿ ጋ ነበረች። ቬርነር መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ። ያ ሰዓት በምስክር የተያዘላት አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ቦዲል። ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ አርባ ደቂቃ ከልጇ ጋር በቤቷ ስልክ እያወራች ነበር።»

ሊስቤት እጄን ያዘችኝ።

«አሁን ኢሜይሉን እንየው። ‹ሰኞ ጠዋት፣ ሙዚየም።› አስገር የእያንዳንዱን በር ሰዓት የሚያጣሩ ሰው ናቸው። ሰኞ ሙዚየሞቹ ዝግ መሆናቸውን ያን ቀን ጠዋት ለእህታቸው ነግረዋታል። ታዲያ ይህን ማን ጻፈ? የእሳቸውን የሰኞ ፕሮግራም አውጥቶ፣ ክፍተቱን በመጣለት ነገር የሞላ ሰው። ያወጣው ምን ነበር? በአስገር ስልክ ወደ ሉቤክ ሦስት ጊዜ የተደወለበት ቁጥር አገኘሁ። ትናንት ደወልኩለት። አቶ ቩልፍ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሙያቸው ትንንሽ መርከብ መሥራት ነው።»

ሁላችንም ቀና አልን። ቬርነር ብቻ መሬት መሬት ያያል።

«አስገር የደወሉት ጓደኛቸውን ሊያስደስቱ ነበር። ‹የእኛም ሰው እንዲህ ያለ መርከብ ሠርቷል፣ ሁለቱ ባለሙያዎች ይተዋወቁ› ብለው የዚህን መርከብ ፎቶ ላኩ። ሽማግሌውም ‹ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ በ2004 ለአንድ ዴንማርካዊ ሸጬዋለሁ› ብለው መለሱ።» ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አወጣች። አንድ ሽማግሌ ገና ሸራው ያልተሰቀለለትን ይህንኑ መርከብ ጉልበቱ ላይ ይዞ ይስቃል።

«ባንዲራውን ለምን አላወረዱትም፣ ቬርነር?» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገና በብርሃን የልደት ባንዲራ ቢወርድ መንገደኛው ሁሉ ‹ምን ሆነ?› ይላል። ካልወረደ ደግሞ የሞቱበትን ሰዓት ይናገራል። ስለዚህ ሊስቤት አይታ በሩን እንዳታንኳኳ በወደቡ አዞሯት።»

«ጉልበቴን!» አለች ሊስቤት፤ በሹክሹክታ።

ቬርነር ተቀመጠ።

«ከቡናው በኋላ ብቻዬን ጠራኝና ‹ከመሄዳችን በፊት አንተው ንገራቸው፤ ካልሆነ ሰኞ ሽማግሌው ፊት ትቆማለህ› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድንች ሊያመጣ የምድር ቤቱን በር ከፈተ፤ እራት አብረን እንብላ ብሎኝ ነበር። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«በሩንስ?» አልኩት። «በሩን ለምን ቀረቀርክ?»

ቀና ብሎ አላየኝም።

«ያቃስት ነበር፣ ቦዲል። ላለመስማት ነው።»

ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ አስገር ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ኖሯል። የሕክምና ጣቢያው ከቤቱ አራት ደቂቃ ነው።

ቬርነር አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። መርከቡን ማንም አላወረደውም፤ ከሥሩ ያለው የስም ሰሌዳ ግን ተቀይሯል። ኦክቶበር 5 ቅዳሜ ሊስቤት፣ አይናርና እኔ ጀልባ ተሳፈርን፤ ትኬቱን አስገር አስቀድሞ ገዝቶት ነበር። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አቶ ቩልፍ በራቸውን ከፈቱልን። ከሰዓት በኋላ ባቡሩ እስኪመጣ ጊዜ ነበረን፤ ማርዚፓን ገዛሁ።