በሳምንት የሚዘጋው መጽሐፍ

ገና ያልወጣው መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ተገኘ። ቁልፍ ሠሪው ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ዲጂታል መጽሐፉን ማንም እንዳይገለብጠው የቆለፈው እሱ ነው፤ መክፈቻውም ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ከሳሿ ደራሲዋ ጥግ ተቀምጣለች። መጽሐፉ ከቤት ወጥቶ ስለቀረው ወንድሟ ነው።

“ለማን ሰጠኸው?” አለችው መርማሪዋ።

“ለማንም አልሰጠሁም።”

“ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?”

“ኧረ እመቤቴ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት። እኔ ልጆች አሉኝ።” ፍርሃት መቼም ንጹሑን ሰው ሌባ ያስመስለዋል።

መርማሪዋ የተሰራጨውን ቅጂ በስልኳ አሳየችው። ቁልፍ ሠሪው ገጾቹን እያገላበጠ አየ፤ ደግሞ አየ።

“ቁልፌ አልተሰበረም። ይሄ ከስክሪን ላይ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ያለው አራት መስመር ብቻ! ፊደል እንዲህ የሚያሳድግ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው።”

“ቀጥል።”

“የመጨረሻው ምዕራፍ የለም። ሳይጨርስ ተዘግቶበታል።” ወደ ደራሲዋ ዞረ። ድምፁ ቀነሰ። “በሳምንት የሚዘጋ ቅጂ የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። ለእናቴ ብለው ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።”

የደራሲዋ ፊት አመድ መሰለ።

ሦስቱም ወደ እናትየው ቤት ሄዱ። እናትየው በር ከፍተው የመርማሪዋን የደንብ ልብስ ሲያዩ መቃኑን ያዙ።

“እኔ ነኝ ያነሳሁት። መጽሐፉ ነገ ይዘጋል ሲለኝ ደነገጥኩ። በስልክ እያነሳሁ ለእህቴ ላክሁላት፣ አስቀምጪልኝ ብዬ። እሷ ደግሞ አላስችል ብሏት በተነችው።”

ቁልፍ ሠሪው እፎይ አለ። እፎይታው ግን ወዲያው አሳፈረው።

“እማ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አለች ደራሲዋ።

“አንቺስ? በዚህ ዓይኔ በሳምንት እንደማልጨርሰው ጠፍቶሽ ነው?”

ልጅቷ ወደ እናቷ ቀረበች።

“ፈርቼ ነው” አለች። “መጨረሻውን ሳታነቢው እኔው በአፌ ልነግርሽ ነበር። አቃተኝ።”

አሮጊቷ ወደ መርማሪዋ ዞሩ። “ወስደሽ እሰሪኝ፣ ልጄ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቃት።” ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ተመለሱ። “መጨረሻው ላይ ልጄ ይመጣል?”

ደራሲዋ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

“አይመጣም፣ እማ።”