ቁልፉን አልሰጥም ያለው መካኒክ

ሹፌሯ መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ እንደ ነገሩ አቁማ ወረደችና የመኪናውን በር ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

«የታለ ያ ዘይት የቀየረልኝ ሰውዬ?»

መካኒኩ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተንፏቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ብሎ አያት።

«እኔ ነኝ። ምን ሆንሽ?»

«ምን ሆንሽ ይለኛል ደግሞ! መኪናዬ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ጠዋት ልጆቹ እያሳሉ ነው የደረሱት፤ አንዷማ አስታወከች። እናቷ ከእንግዲህ ልጄን ካንቺ ጋር አልልክም አለችኝ። ያንተ ሥራ ነው!»

የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት በማመላለስ ነው የምትተዳደረው። ጎረቤቶቿ ቁጣዋን ስለሚያውቁ «እሳቷ» ይሏታል። ልጆቹ ግን ይወዷታል፤ ከእነሱ ጋር ስትሆን ድምፅዋ ሌላ ነው።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ለካ፤ ጎድሏል። ከሥር ገብቶ የማፍሰሻውን ብሎንና ማጣሪያውን ዳበሰ፤ ደረቅ ናቸው። ከዚያ ሞተሩን አስነሣና ባትሪ አብርቶ፣ ከኋላ በኩል አጎንብሶ ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ጠርዝ ዘይት ተንጠባጠበ፤ የጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ ሲያርፍ ቸስ ብሎ ጨሰ።

ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«እኔ ከነካሁት ቦታ አይደለም። ከላይ፣ ከክዳኑ ነው የሚፈሰው። ጭሱ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። መሠራት አለበት።»

«ነገ ትሠራዋለህ። ከምሳ በኋላ ልጆች አነሣለሁ። ቁልፌን!»

«አልሰጥም።»

«ምን አልክ?»

«ዘይት በጋለ ብረት ላይ እየፈሰሰ ነው። እሳት ቢነሣ ከኋላ ያሉትን ልጆች ማን ያወጣቸዋል? አንቺ? ሁሉንም? ከፈለግሽ ስደቢኝ፣ ከፈለግሽ ምቺኝ። ቁልፉን ግን አልሰጥሽም!»

ደሟ ፈላ። እንዲህ አድርጎ ያናገራት ሰው የለም። ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። ስማቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ልጆች ይህን ያህል መናደዱ ገረማት፤ መገረሟ ደግሞ ብሶ አናደዳት። ስልኳን አውጥታ ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ወንድሟ ሲደርስ መካኒኩ ክዳኑን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦታል። ሰላምታም የለ፣ ጥያቄም የለ፤ ዘው ብሎ ገብቶ አንገትጌውን ጨመደደው።

«አንተ ቅባታም! አበላሽተህ ስታበቃ ቁልፍ ትቀማለህ?»

መካኒኩ ትንፍሽ አላለም። ዓይኑ ብቻ ከወንድምዬው ጣቶች፣ ጥፍሩ ሥር ከቀረው ቀይ ነገር፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እሷም ዓይኑን ተከትላ አየች። ከክዳኑ ሥር ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን፣ ብሎኖቹ ያለ ልክ ጠብቀውበት ተሰንጥቋል። ዙሪያውን ቀይ ማጣበቂያ ተለቅልቋል።

ቀዩን ማጣበቂያ ታውቀዋለች። እሁድ ዕለት ወንድሟ «ትንሽ ነገር ላስተካክልልሽ» ብሎ ግቢ ውስጥ ከመኪናው ጋር ሲታገል ውሎ፣ ጣቶቹ ላይ የቀረውን ቀይ ነገር በነጭ ጋዝ ሲፈትግ አይታው ነበር።

«ልቀቀው» አለች።

«ምን?»

«ልቀቀው አልኩህ! አንተ ነህ! ራስህ አበላሽተኸው ሰው ላይ ታስጮኸኛለህ?»

ወንድምዬው እጁ ወረደ። «ልረዳሽ ብዬ እኮ ነው…» አለና ፊቱ እንደ ቀላ ወጥቶ ሄደ።

መካኒኩ አሁን ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብሎ ሲጠብቅ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ? ማን እንዳበላሸው ገብቶሃል። ለምን ዝም አልክ?»

«ወንድምሽ ነው። ፊትሽ ላዋርደው?»

«እና አንተ ትዋረድ?»

«እኔ ለምጄዋለሁ።»

«አትልመደው!» ብላ ጮኸችበት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጨርቁን እያጣጠፈ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልነቀለችም።

ያን ቀን መካኒኩ የጋራዡን መኪና ከባለቤቱ ለምኖላት ልጆቹን በእሱ አደረሰች። ማምሻውን አዲሱ ጓርኒሲዮን ተገጠመ፤ ቧንቧውም ተጠረገ። አብረው ወጥተው ሲሞክሩት ግን ሽታው አልጠፋም።

«አሁንም ይሸታል!»

«የፈሰሰው ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው። ታገሺ እንጂ!»

«መታገስ አልችልም!»

«እሱስ ታይቷል» አለ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ፤ እንዳይሳሳቁ።

ሽታው በሳምንቱ ጠፋ። ወንድሟም እያቅማማ ሄዶ መካኒኩን ይቅርታ ጠየቀው። እሷ ግን ጋራዡ መመላለሷን አልተወችም። አንዴ ፍሬኑ ይጮኻል ትላለች፣ አንዴ መሪው ይከብደኛል። ሲፈትሽ ምንም የለም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና መፍቻውን ወርውሮ ጮኸ።

«ይሄ መኪና ጤነኛ ነው! ለምንድነው የምታመጪው?»

«አንተን ለማየት ነዋ! ይሄ ካልተጮኸ አይገባህም?»

ጋራዡ ውስጥ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ሰው መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ።

«ታዲያ በእግርሽ አትመጪም ነበር?» አለ መካኒኩ፣ አሁንም እንደ ተቆጣ። «እኔ እኮ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ!» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ነገ በእግርሽ ነይ።»

በማግስቱ በእግሯ መጣች። ቱታውን አውልቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዘገየሽ» አላት ኮስተር ብሎ።

«በእግርሽ ነይ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ግን ቀደም ብለሽ መነሣት ነበረብሽ።»

እየተጨቃጨቁ መንገዱን ተያያዙት። ጥግ ላይ ሲታጠፉ እጇን ያዛት፤ እሷም ቁጣዋን ሳታቋርጥ ጣቶቿን በጣቶቹ መካከል አስገባች።