ሦስት አባት ያለው ካፒቴን

«ቆይ፣ አሁን እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለ ቀጮ፣ የካርቶን ቆቡን አውልቆ ላቡን እየጠረገ።

«ስንቴ ልንገርህ! ካፒቴኑ አንተ ነህ፤ የመጀመሪያው ካፒቴን ቅጂ። እሱ ደግሞ ከወደፊቱ ዘመን የተመለሰው አያትህ ነው። ያሳደገህ ግን ጠላቱ ነው።» አለችው ልጅቷ። ለትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥን የሚሆነውን የጠፈር ድራማ የጻፈችው እሷ ናት፤ የምትቀርጸውም እሷው።

«ሦስት አባት እያለኝ አንዱም ለወላጅ ስብሰባ አይመጣልኝም በያ!»

አልሳቀችም። ቪዲዮ ቆራርጦ ማገጣጠም የሚችል ስለሌለ ቀረጻው በአንድ ስልክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ማቋረጥ ነው። አንድ ቃል ከተሳሳተ እንደገና ከሀ ይጀመራል። አሥራ አራት ጊዜ ጀምረው፣ አሥራ አራቱንም ጊዜ ቀጮ አያቱ ላይ ሲደርስ ተደናቅፏል። ስልኩ ዘጠኝ በመቶ ቀርቶታል። ቪዲዮው ዛሬ ካልገባ የሦስቱም ውጤት ዜሮ ነው።

የሚቀርጹበት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ አለ። «ልጆች፣ ሩብ ሰዓት! ከዚያ ወዲያ እዘጋለሁ።»

«እሺ ጋሼ፣ ጨርሰናል!» ብላ ዋሸች።

ድራማውን የሚያርመው የቋንቋ መምህሩ ነው። አምና ድርሰቷን ክፍል ፊት አንብቦ፣ «ይሄ ሰው ነው እንጨት? ማን ወለደው? ከየት መጣ?» ብሎ አስቆባታል። እንዲህ ያለው ነገር ይረሳል ይላሉ፤ ያልደረሰባቸው ናቸው እንዲያ የሚሉት። የሳቁትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ለዚህ ነው ዘንድሮ ካፒቴኑን ከነዘር ማንዘሩ የጻፈችው።

የጠፈር መርከቡ ክፍል ከተደረገው ቁም ሳጥን ውስጥ በሩ ተደበደበ። የካፒቴኑን እህት ሆና የምትጫወተው ሚጡ ናት። «ኧረ በፈጣሪ! እሱ ዘሩን ቆጥሮ እስኪጨርስ እኔ እዚህ አየር አልቆብኝ ሞትኩ!»

ቀጮ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ዓይኑ ቀልቷል። «እውነት ለመናገር... እህቴ ከበሩ ጀርባ እየሞተች አያቴ ማን እንደሆነ ትዝ የሚለኝ አይመስለኝም።»

ልጅቷ በእጁ ያለውን ወረቀት ተመለከተች። ያ ሁሉ ገጽ ከወጣ ምን ይቀራል? አንድ ልጅና አንድ በር። መምህሩ እንደገና «ማን ወለደው?» ቢልስ? ስልኩ ስድስት በመቶ አለ።

«አምጣው» ብላ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችው።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«በሩን ከከፈትክ ያለው አየር ለሁለታችሁ አይበቃም። ታናሽህ ናት። በቃ፣ ሌላ የለም።»

ቀረጻውን ጀመረች። ሚጡ በሩን ደበደበች፤ ከዚያ ድብደባው እየደከመ ሄደ። ቀጮ እጀታውን ጨብጦ ቆመ። አምስት ሰከንድ። አሥር። አንዲት ቃል አልወጣውም፤ አገጩ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የሚለውን ልትነግረው ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። ከንፈሯን ነከሰችና ስልኩን ወደ ፊቱ አቀረበች።