በውሉ ያልሰፈረችው ክፍል

ሥራዬ የሌላውን ሰው ስሕተት መልቀም ነው። በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሃያ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «አራት ነጥብ» ይሉኛል፤ ሳይዘጋ የቀረ ዓረፍተ ነገር ካየሁ ምሳ አይወርድልኝም። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራባችሁ ብዬ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ቤቱን የመድን ውል ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነብ ሲፈርም እንደኖረ እንድታውቁልኝ ነው።

በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ከመድን ድርጅቱ አንድ ቅጽ ይመጣል። በቤቱ ላይ የተጨመረ ነገር እንዳለ፣ በቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሥራ እንዳለ ይጠይቃል። እኔ ያለፈውን ዓመት ቅጂ ከመሳቢያ አወጣና ቃል በቃል እገለብጣለሁ። ሁለቱ ወረቀቶች ከተመሳሰሉ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ይመስለኛል። ወረቀቱን ከወረቀት ጋር እንጂ ከቤቱ ጋር አመሳክሬው አላውቅም።

ቤቱ ግን ተለውጧል። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ድሮ ሳሎን ጥግ ላይ በአንዲት መኪና ትሰፋ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን በጓሮ በኩል ከግድግዳው ጋር የተያያዘች፣ በቆርቆሮ የተከደነች ሰፊ ክፍል አሠራች። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም ኦቨርሎክና ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አስገባችባት። ሁለት ሴቶች ቀጥራ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ «እቤት ናት፣ ጨርቅ ታገላብጣለች» እል ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች። አሁን ሳስበው ትስቅ የነበረው ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ብላ ነው።

ባለፈው ዓመት ቅጹ ሲመጣ መቀሷን አስቀምጣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«የእኔ ክፍል እዚህ ላይ ገብታለች?»

«ቤቱ ገብቷል አይደል? ክፍሏም የቤቱ ናት።»

«መኪናዎቹስ? ውሉ በስምህ ስለሆነ እኔን አያናግሩኝም። አንተ ደውልና ጠይቃቸው እስቲ። ቆርቆሮው ትንሽ ንፋስ ሲነካው እንኳ ይንጫጫል።»

«ለጓሮ ስፌት ብዬ ድርጅት ላስጨንቅ? እነሱ የሚጠይቁት ስለ እውነተኛ ሥራ ነው» አልኳት።

መቀሷን አንስታ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ፤ ሁለቴም «እሺ፣ ነገ» እያልኩ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ቅጹንማ በዚያው ቀን እንደ ወትሮው ገልብጬ ልኬው ነበር።

ክረምቱ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ወጀብ መጣ። ከሥራ እየሮጥኩ ስደርስ የጓሮዋ ክፍል ጣሪያ ተገንጥሎ የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ዋናው ቤት ከሁለት የተሰበሩ መስኮቶች በቀር ምንም አልሆነም። ባለቤቴና ሁለቱ ሴቶች ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ዩኒፎርም ይለቅማሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ለትምህርት ቤቱ መድረስ የነበረበት ሥራ ነው። ነጩ ሸሚዝ ሁሉ የሱሪውን ሰማያዊ ጠጥቶ ዥጉርጉር ሆኗል፤ መኪናዎቹም የክፍሏ ግድግዳ ተደርምሶባቸው ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። «አይዞሽ፣ መድን አለን» አልኳት። ምነው ያን ቃል ከአፌ ባላወጣሁት።

ጉዳቱን ልትገምት የመጣችው የመድን ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነበረች። መስኮቶቹን መዘገበች፣ ጓሮውን ዞራ አየች፣ ከዚያ ከፋይሏ ውስጥ ቅጹን አወጣች።

«ይህ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው?»

ነው አልኳት።

«የተጨመረ ክፍል የለም፣ በቤቱ የሚሠራ ሥራም የለም ይላል። ለመስኮቶቹ ካሳ ይከፈልዎታል። ይህ ክፍልና ዕቃው ግን ውሉ ውስጥ የሉም። ደውለው ቢነግሩን ኖሮ እናስገባው ነበር።»

ዐይኔን በጨው አጥቤ ተከራከርኳት። ሰባት ዓመት ስከፍል የት ነበራችሁ አልኳት፣ አጭበርባሪዎች አልኳት። ባለቤቴ ቅጹን ከልጅቷ እጅ ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ልጅቷን ተዋት» አለችኝ። «ያመነችው አንተን ነው። እዚህ ቤት ሥራ የለም ብለህ አራት ዓመት የጻፍከው አንተ ነህ።»

ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ሁለቱ ሴቶች ተሰናበቱ፤ አንደኛዋ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ናት፤ እስካሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። እሷ ትፍረድብኝ። ባለቤቴ ዛሬ በሰው ስፌት ቤት ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ብቻ ትገጥማለች። የሌላ ሰው ስፌት ቤት ነው፤ በሰዓት ትገባለች፣ በሰዓት ትወጣለች። እኔን አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ደመናው ሳይጠቁር ውላችሁን አውጡና አንብቡ። ወረቀቱን ይዛችሁ ቤታችሁን ዙሩ። ያስቀጠላችሁት ጣሪያ፣ የገዛችሁት ዕቃ፣ እቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ መስፈሩን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ሰው አዳምጡ። እኔ የጎደለኝ ማንበብ ብቻ አልነበረም፤ የሚስቴን ድካም ሥራ ብዬ አልቆጠርኩትም፤ ድርጅቱም እኔን ተከትሎ ሳይቆጥረው ቀረ።

ዘንድሮ ራሴ ደወልኩ። ያቺው ሠራተኛ መጣችና ክፍል በክፍል እየዞርን ያለውን ሁሉ ጻፍን። ጓሮ ስንደርስ ባለቤቴ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ነበር። የክፍሏን ግድግዳ መልሼ አዲስ ጣሪያ አልብሻታለሁ፣ ምሰሶዋንም አጠንክሬዋለሁ። ሠራተኛዋ ለምን አገልግሎት እንደምትመዘገብ ጠየቀችኝ።

«የባለቤቴ ስፌት ቤት ናት» አልኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ባዶ ክፍል ነው በይው እህቴ» አለቻት፤ ሰዓቷን አይታም ሄደች።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አየችኝ። እሷ እንዳለችው ጻፊ አልኳት።