የማይሰማው እግር

መርማሪዋ ስትደርስ ፕሮፌሰሩ በቤተ ሙከራው ቢሮ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሊወስዷቸው የመጡት ባለቤታቸው ናቸው ሞተው ያገኟቸው።

«የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ልብ ይሆናል» አለ ሐኪሙ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የግራ እግራቸውን ካልሲ አወለቀች። ከሥሩ አዲስ ፋሻ ነበረ። ፋሻው ሲፈታ የእግራቸው መዳፍ በክብ ተቃጥሎ ቆዳው ተልጧል። ከቁርጭምጭሚታቸው በታች ደግሞ ሦስት የመርፌ ቀዳዳዎች ይታያሉ።

«ኢንሱሊን የሚወጉት እግራቸው ላይ ነው?»

«ሆዳቸው ላይ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «የዛሬውን ቤት ተወግተዋል። አዲሱን ብልቃጥ ሳይከፈት እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ብልቃጡ ተከፍቶ ሩቡ ጎድሏል።

ፕሮፌሰሩ ስኳር የሚጎዳውን ነርቭ ያድናል ብለው ተስፋ የጣሉበትን የቅጠል ጭማቂ ሦስት ዓመት በአይጦች ላይ ሲሞክሩ ቆይተዋል። ራሳቸውም ይጠጡት ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ አርባ ሕመምተኞች ሊጀምሩት ቀጠሮ ተይዟል።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያነጋገረችው ቅጠሉን የሚያቀርበውን ታናሽ ወንድማቸውን ነው።

«ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «ቶሎ ገበያ እናውጣው ስል እምቢ አሉኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልታረቃቸው መጥቼ በሩን ገርበብ ሳደርግ ተኝተዋል። ኩርፊያ መስሎኝ ተመለስኩ።»

«እግራቸውን በመርፌ ብነካው ይሰማቸው ነበር?»

«ታዲያ! ጭማቂው አድኗቸዋል፤ ምንጣፉ ይታወቀኛል ሲሉኝ አልነበር?»

ባለቤታቸውም ለዚሁ ጥያቄ፣ «ዘለው ይነሡ ነበር» አሉ።

ረዳት ተመራማሪዋ ዓይኗ ቀልቷል። «ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ላይ ነበርኩ፤ ቢሯቸው አልገባሁም» አለች። «ጭማቂው እየሠራ ነው፤ መዝገቡን ይዩት።»

መርማሪዋ መዝገቡን ይዛ ወደ አይጦቹ ክፍል ወረደች። ጠባቂው፣ ሽበት የወረሳቸው ሰው፣ ጎጆዎቹን እያጸዱ ነበር። እሳቸው ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ከሾፌሩ ጋር የአይጥ መኖ ሲያስጭኑ ውለዋል፤ ሾፌሩም መስክሯል።

«አባባ፣ ይቺ ክብ ሳህን ምን ትሠራለች?»

«ትግላለች። አይጧን ያቆሙባትና በስንት ሰከንድ እግሯን እንደምታነሣ ይቆጥራሉ። ነርቯ የደነዘዘች ትዘገያለች። ባለፈው ወር ተበላሽታ ሁለት ሳምንት ጥገና ከርማለች።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻቸው። «ጭማቂ የሚጠጡትስ ቶሎ ያነሣሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ግን የሚጠጡትም የማይጠጡትም እግራቸው እኩል ነው የሚቆስለው። ለረዳታቸው ለዶክተሯ ብነግራት፣ ‹እርስዎ ጎጆውን ይጥረጉ› አለችኝ።»

የሳህኗ ጠርዝ ላይ ቀጭን የሰው ቆዳ ተጣብቋል። ፋሻው የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ተቆልፏል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም በቢሮው ተሰበሰቡ።

«ፕሮፌሰሩ ዛሬ ጠዋት በጭማቂው ተጠራጠሩ» ብላ መርማሪዋ ጀመረች። «ጫማቸውን አውልቀው አይጦቹ የሚቆሙባት ሳህን ላይ ረገጡ። እግራቸው እየተቃጠለ አልተሰማቸውም። የረገጧት ሳህን ላይ ቆዳቸው ቀርቷል። ከዚያ አንድ ሰው ቁስሉን አሰረላቸው፤ እያሰረም ኢንሱሊን ሦስት ጊዜ ወጋቸው። ያን ያህል ኢንሱሊን ስኳርን አውርዶ ለሰዓታት ያስተኛል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው።»

«ሳያውቁ?» አለ ወንድምየው።

«ሳያውቁ። እርስዎም ባለቤታቸውም እግራቸው ድኗል ብላችሁ ታምኑ ነበር። እንዲህ የሚያምን ሰው እዚያ መርፌ አይሰካም፤ ይጮሃሉ ብሎ ይፈራል። የወጋቸው እንዳልዳኑ የሚያውቅ ነው።»

መርማሪዋ መዝገቡን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የፋሻው ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው አባባና ረዳቷ ጋ ብቻ ነው። አባባ ውጭ ነበሩ። ዶክተር፣ ቁስሉን ያሰርሽው አንቺ ነሽ። መዝገብሽ ላይ ሳህኗ ጥገና በነበረችበት ሁለት ሳምንት የአይጦቹ ሰከንድ በየቀኑ ተሞልቷል። በምን ለካሻቸው?»

ረዳቷ መዝገቡን ለማየት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር ያስተካከልኩት» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «እናቴ ሁለቱም እግሯ ተቆርጦ ነው የሞተችው። ይሠራል ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ ጠዋት እግራቸውን አሳዩኝና፣ ‹ሰኞን ሰርዢ፤ ለሰዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ› አሉኝ። ሊያጋልጡኝ አልነበረም። እኔ ግን… ቁስሉን ልጠብልዎ አልኳቸው።»

ወንድምየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያያቸው ገና በሕይወት እንደነበሩ የገባው ያኔ ነው። ይህን ለማንም አልነገረም።

ፖሊሶቹ ረዳቷን ይዘዋት ወጡ። ባለቤታቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ከሕመምተኞቹ መካከል መድኃኒታቸውን ያቋረጡ አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ለጭማቂው ሲሉ ከዛሬ ጀምረው ያቆሙ አሉ» አሉ ጠባቂው።

«ስማቸው የት ነው?»

ጠባቂው ከመሳቢያው ውስጥ የአርባውን ሰው ስምና ስልክ የያዘ ወረቀት አውጥተው ሰጧቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው የመጀመሪያውን ቁጥር ደወሉ።

«ሃሎ፤ የፕሮፌሰሩ ባለቤት ነኝ። ሰኞ እንዳይመጡ። መድኃኒትዎንም አያቋርጡ።» ትንሽ አዳመጡ። «አዎ፣ እሳቸው ናቸው ንገሪልኝ ያሉት።»